ሁለተኛዋ ሚዛን

እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ፤ በጣና ዳር፣ በሾላው ሥር፣
አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ዓሣ ስመዝን፣ የሰው ብር ስቆጥር።
ቀረሶን ካምባዛ
በጠረኑ ብቻ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ፤
«የሰው እጅ ስንት ያወጣል?» ብትሉኝ ግን ያኔ፣
«ጓንጉል ያለውን ነዋ!» ነበር መልሴ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ጓንጉል ነበር ገዢው፤ የጓንጉል ነበር በረዶው፤
የጓንጉል ነበር መኪናው፣ ማታ ወደ ጎንደር የሚነዳው።
ደጊቱ ባንዲት ቢላዋ፣ ወገቧ እስኪሰበር፣
ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ስልሳ ኪሎ ትበልት ነበር።
ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ደርቆ ሳንቲም ይመስላል፤
ከሷ ጋር ቤት የሚገባ ሳንቲም
እሱ ይበዛል።

«ለኪሎ ሁለት ብር። ካልተስማማሽ፣ ሐይቁ ሰፊ ነው» ይላታል።
ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤
ልጇ የታመመ ሌሊት ባጃጅ ጠርቶላታል።
ግን ሰው መውጫው አንድ በር ብቻ ሲሆን
በረኛው ያሻውን ያስከፍላል።

አንድ ሰሞን ቀበሌው ሰበሰበን።
«ዓሣ በዚህ ዋጋ፣ የቀን ሠራተኛ በዚህ» የሚል፣
ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሾላው ላይ በምስማር ተመታ፤
አጨበጨብን፣ እጃችን እስኪግል፣ እስከ ማታ።
በሳምንቱ ዓሣው ጠፋ።
ከሐይቁ አይደለም፣ ከሚዛኔ ላይ ነው የጠፋው፤
ሌሊት በጎመን ጆንያ ሥር ተኝቶ ነው ከተማ የወጣው።
ከዘጠኙ ባለ ቢላዋ ሦስቱ «እንጠራችኋለን» ተባሉ፤
እነሆ፣ ይጠብቃሉ።
ወረቀቱን የሐምሌ ዝናብ አጥቦ ወሰደው፤
ምስማሩ ቀረ፣ ጃኬቴን እሰቅልበታለሁ።

ከዚያ እናንየ መጣች፣ ከወረታ፣ ባሮጌ አይሱዙ፣
ሰማያዊ የበረዶ ሣጥንና የራሷን ሚዛን ጭና፤
ከማዶ፣ ዋንዛው ሥር አቆመችው።
«ሦስት ከሃምሳ» አለች።
ስለ ጽድቅ አላወራች፣ ስለ ድሃም አልሰበከች፤
እጅ ቸግሯት ነው።
በነጋው ጓንጉል ጉሮሮውን ጠርጎ «አራት» አለ።
እሷ «አምስት»።
ደጊቱ ቢላዋዋን በሻሽ ጠቅልላ ተነሣች፣
ከሾላው ወደ ዋንዛው ተሻገረች።
ሃያ ሁለት ርምጃ። ቆጥሬዋለሁ።
ሰው ነፃነት ሲል ምን ያህል መንገድ እንደሚያስብ እንጃ፤
እኔ በዓይኔ ያየሁት
ሃያ ሁለት ርምጃ።

ዛሬ እናንየ ሽምብጥ ላይ ፎቅ አላት፣ መስታወቱ ሐይቁን የሚደግም፤
ደጊቱ ቆርቆሮዋን ቀየረች፤ ማጀቷ ውስጥ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል።
ልጇ ፔዳ ገብቶ ምጣኔ ሀብት ይማራል፤
አሸዋው ላይ በጭራሮ መስመር አስምሮ
«እማ፣ እይው፣ ልዩነቱ ሰፍቷል!» ይላታል።
እሷ ቢላዋዋን እየሳለች፦
«ልጄ፣ የሷ ፎቅ እስከ ዛሬ እኔ ላይ አልወደቀም፤
ወድቆብኝ የነበረው የራሴ ጣራ ነው።»
ልጁ ዝም አለ። መስመሩን ግን አላጠፋም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።
ግን አባ ባዬ አሉ፣
ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲሠሩ ያረጁ፤
ባለ ሞተሩ ጀልባ ከመጣ ወዲህ
ሁለት ሚዛን ቆሞ፣ በሁለቱም ላይ
ሙያቸው አንድ ግራም አይመዝን።
አሁን መዳፍ የምታህል ታንኳ ጎንጉነው ለቱሪስት ይሸጣሉ፤
«የማትቀዝፈዋ ከምትቀዝፈዋ በዋጋ በለጠች!» ብለው ይስቃሉ።
ሳቃቸው መልስ ይሁን ጥያቄ አልለየሁም።
የልጅ ልጃቸው ያው ሞተር ላይ ነው፣ በወር ደመወዝ።

ትናንት፣ ጀንበር ወደ ዘጌ ስታዘቀዝቅ፣
ጓንጉልን «የኔስ?» አልኩት፣
አሥራ ሁለት ዓመት ያላልኩትን።
አልመለሰልኝም።
ዓይኑ ግን ወደ ዋንዛው ሄደ፤
ሃያ ሁለቱን ርምጃ
እሱም ሲቆጥር አየሁት።